የእድሩ ዳኛ ለቅሶ

ፀሐዩ ለቅሶ ማስቆም ያውቅበታል። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አለው፤ ግን ሰው የሚያውቀው በሱቁ ሳይሆን በእድር ዳኝነቱ ነው። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ወንበሩን ማን እንደሚያመጣ፣ ንፍሮው መቼ እንደሚቀርብ ከእሱ አፍ ይጠበቃል። ከሁሉ በላይ ግን አስከሬን ሲወጣ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ፣ ወንዶቹ ግድግዳ ሲደገፉ፣ ያ ረጅም ሰውዬ ባጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ መሃል ይቆምና «በቃ! የሰጠን እሱ፣ የነሳን እሱ፤ ሥርዓት ይከበር!» ይላል። ለቅሶው ይቆማል። እንዴት እንደሚቆም አትጠይቁኝ። ድምፁ እንደዚያ ነው፤ ሕፃን እንኳ እንባውን ይውጣል።

ታዲያ ባለፈው ታኅሣሥ የገዛ ሚስቱ ያለምወርቅ ሞተች። ስኳር ነበረባት፤ ሆስፒታል እንደገባች ሳትወጣ ቀረች። እና ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሌላ ሰው ቢሆን ጋቢውን ተከናንቦ ፍራሹ ላይ ይቀመጣል፣ የመጣው ሁሉ አጠገቡ ቁጭ እያለ ያጽናናዋል፤ የሐዘንተኛ ወጉ ይኸው ነው። ፀሐዩ ግን ባጁን ለጠፈ። የድንኳኑን ገመድ በእጁ ወጠረ። ሳህን ጎደለ ሲሉት ሮጠ፣ ወንበር ተሰበረ ሲሉት ሮጠ። ምክትሉ አብዱሰመድ የስልጤ ሰው ነው፣ የሱቅ ጎረቤቱ፣ ሲያሾፍ እንኳ ድምፁ ከፍ የማይል። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ ለእኛ ተወው፤ ግባና ቁጭ በል» ቢለው «ሥራ ይበላሻል!» ብሎ ገፈተረው። ሰዉ ጉድ አለ። «አቤት ጥንካሬ! መሪ ማለት እንዲህ ነው!» ተባለለት። እንዲህ ያለው ምስጋና ሰው ይገድላል፤ በኋላ ታዩታላችሁ።

ሰዉ ልብ ያላለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ አንድዬ ልጁ ሉላ፣ ባንክ የምትሠራዋ፣ ከሴቶቹ መሃል አምልጣ አፈሩ ላይ ተወረወረች። «እማዬ! ለማን ትተሽኝ! እማዬ!» ፀሐዩ ደረሰ። የሌላ ሰው ልጅ እንደሚያነሳ ክንዷን ጨብጦ አነሳት፤ በዚያው ድምፁም «በቃ! ሥርዓት! ሕዝቡን አታጉላዪ!» አላት። ሉላ ቀጥ ብላ ቆመች። አየችው። ከዚያ ወዲያ እስከ ሠልስቱ ድረስ ከአፏ ቃል አልወጣም፤ ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ገላን ወደምትኖረው አክስቷ ሄደች።

ቤቱ ለፀሐዩ ብቻ ቀረ። እንግዲህ ብቸኝነት የሚባለውን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ቀኑን ሙሉ «ጋሽ ፀሐዩ ደህና ዋሉ» ሲባል የሚውል ሰው ነው፤ ከሱቁ እስከ ቤቱ ሲሄድ ሰላምታ መመለስ ያደክመዋል። በሩን ሲዘጋ ግን አለቀ። መብራት የሚያበራለት የለም። ኑሪ ምግብ ቤት ፍርፍሩን በልቶ ስለሚመጣ ምድጃው ከቀዘቀዘ ሰነበተ። ቴሌቪዥኑን ይከፍትና ወሬውን ሳይሰማ ሰዎቹ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ያያል። ተሳቢ መኪና በደብረ ዘይት መንገድ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቁም ሳጥኑ ላይ የተደረደሩት የያለምወርቅ ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፤ እሱም ሰው የመጣ መስሎት ቀና ይላል። ማንም አይመጣም። ምን ሊያደርግ ይመጣል? ጋሽ ፀሐዩ ጠንካራ ነው፤ ጠንካራ ሰው ምን ይጠየቃል!

ይኼ ሁሉ ሲጠራቀም ወዴት ይወጣል? በእድሩ ላይ ወጣ። ስብሰባ ላይ ሰው ሲያስነጥስ ይገላምጥ ጀመር። ጀዋሂር የምትባል ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ስንቅና ሳሙና የምትሸጥ ሴት አንድ ቀን ዘግይታ ብትመጣ በሰው ፊት «አንቺን ብሎ አባል!» ብሎ አዋረዳት። አንዲት አሮጊት «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብለው ሲያጉረመርሙ ሰምቶ እሳቸውንም አልማራቸውም። ሰዉ ዝም አለው። ሰው ዝም ማሰኘት ድሮም ያውቅበት ነበር፤ ያሁኑ ዝምታ ግን ሌላ ነው።

ለሉላ ይደውላል። አታነሳም። ይደውላል። አንድ እሁድ አነሳች።

«ልጄ» አላት።

«አቤት አባዬ።»

«ወደ ቤትሽ ነይ እንጂ። ሰው ምን ይላል?»

ረጅም ትንፋሽ ሰማ። «አባዬ፣ እኔ አንተ ፊት ማልቀስ እፈራለሁ» አለችው። «እማዬ የሞተችው እኔ ብቻ ላይ ነው የሚመስለኝ። ሄደህ የሚያክም ሰው አናግር። ጤና ጣቢያው ውስጥ አሉ። እሱን ሳታደርግ እዚያ ቤት አልገባም፤ ብመጣም እታመማለሁ።»

«እኔ እብድ ነኝ?»

«ቻው አባዬ» አለችና ዘጋችው።

ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። አባቷን መፍራቷ አንጀቱን በላው። ሳምንቱን ሲያመነታ ከረመና አንድ ጠዋት ሱቁን ለአብዱሰመድ አደራ ብሎ፣ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ደፍቶ፣ እንደ ሌባ ዞር ዞር እያለ ጤና ጣቢያ ገባ።

ክፍሉ ከጀርባ በኩል ነው። በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ፀሐዩ ተራው እስኪደርስ ጽሑፉን በጀርባው ሸፍኖ ቆመ። ባለሙያዋ ሒክማ ትባላለች፤ ሂጃብ የለበሰች፣ ከሉላ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ፀሐዩ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠራርጎ ስብሰባውን ከፈተ።

«ጊዜሽን እንዳልሻማ በሦስት ነጥብ ላስረዳሽ። አንደኛ፣ ባለቤቴ አርፋለች። ሁለተኛ፣ ቀብሩ ያለ አንዳች እንከን ተፈጽሟል። ሦስተኛ፣ ልጄ አኩርፋለች። አስተያየት ካለሽ እሰማለሁ።»

ሒክማ አልሳቀችም፤ እኔ ብሆን እስቅ ነበር። «ጋሼ» አለችው፣ «በለቅሶው ጊዜ እርስዎ የት ነበር የተቀመጡት?»

«የት ማለት?»

«ድንኳን ውስጥ ነው ወይስ ቤት ውስጥ፣ ፍራሹ ላይ?»

«አልተቀመጥኩም። ዳኛ አይቀመጥም።»

«ታዲያ እርስዎን ሊያጽናና የመጣ ሰው የት ያገኝዎት ነበር?»

ሰዉ በር ላይ ነው ያገኘው። እጁን ሊጨብጥ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ ሊል ሲጠጋው እሱ «ግቡ፣ ግቡ፣ በግራ በኩል ወንበር አለ» ነበር ያለው። ሰው ሁሉ ያዘጋጀውን ቃል አፉ ውስጥ እንደያዘ አልፎት ገባ። ይህ ትዝ ሲለው ደሙ ፈላ።

«ስሚ ልጄ፣ ለቀባሪው አረዱት ይባላል። እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ለቅሶ ውስጥ ነው የኖርኩት። ስለ ለቅሶ አንቺ ታስተምሪኛለሽ?»

«ኧረ አላስተማርኩዎትም ጋሼ፤ ጠየቅኩዎት እንጂ።»

ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። በሩን ወርውሮ ሊዘጋው ነበር፤ ወረፋ የያዙት እንዳያውቁት ብሎ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ጥያቄዋ ግን ተከትላው መጣች። ኑሪ ቤት ትዝ ስትለው ፍርፍሩን ማላመጥ አቆመ። ሱቅ ውስጥ ምስማር መመዘኑን አቆመ። በሳምንቱ ራሱን እዚያው በር ላይ አገኘው፤ ማን እንዳመጣው እሱም አያውቅም። ሒክማም «እንኳን ደህና መጡ» ብላ ካቆሙበት ቀጠለች። ማልቀስ ያቆመው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ልጅ ሆኜ። አባቴ የሞተ ጊዜ፣ አገር ቤት ጉመር። አጎቴ መቃብሩ ላይ ጆሮዬን ይዞ ‹ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፤ አንተ ካለቀስክ እናትህ ትወድቃለች› አለኝ።»

«ታዲያ ወደቁ?»

«መች አለቀስኩና!»

ከዚያ ሒክማ ስለ ያለምወርቅ እንዲያወራላት ለመነችው፤ ስለ ቀብሯ ሳይሆን ስለ እሷ። ፀሐዩ ስለ ቀብሯ ጀመረ፤ መለሰችው። እንደገና ስለ ድንኳኑ ጀመረ፤ መለሰችው። በመጨረሻ እግሩን እያየ «ከለቅሶ ቤት ስመለስ እራቴን ታቀርብና ‹ዛሬስ ስንቱን ዝም አሰኝተህ መጣህ?› ትለኝ ነበር። እየሳቀች ነው ታዲያ» አለ። እንባ ግን አልመጣም። ሒክማ ውሃ ቀዳችለት፤ ጠጣ፤ ሰዓቱ አለቀ።

መንደር ዓይን አለው። ጀዋሂር ለልጇ መድኃኒት ልትወስድ መጥታ ከዚያ ክፍል ሲወጣ አየችው፤ ያየችውን ለአንዲት ጎረቤቷ ነገረች፤ ለአንዲት መንገር ለሁሉም መንገር ነው። «ዳኛችን አእምሮውን ታሟል» ተባለ። ከኮሚቴው ሁለት ሦስቱ ሌላ ዳኛ እንምረጥ ማለት ጀመሩ። አብዱሰመድ ነው የነገረው፣ የሱቁ በር ላይ ተደግፎ።

«ሰዉ አበደ ይልሃል።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ድሮም እብድ ነው፣ አሁን ገና ነው የታወቀው አልኳቸዋ!»

ፀሐዩ ሳይወድ ሳቀ። ከታኅሣሥ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው መሆኑን አብዱሰመድ ልብ ብሏል።

ግንቦት ላይ ነው፤ ገና ወገግ ሲል በሩ ተንኳኳ። ኦልጅራ ነው፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ። ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞረ ጥሩምባ ነፍቶ የሚያረዳው እሱ ነው። ጥሩምባውን በብብቱ ይዟል።

«ማን ሞተ?» አለ ፀሐዩ።

«እናቴ። አሁን አረፈች። የቀብሩን ሰዓት ይንገሩኝና ልንፋ።»

«አንተው ልትነፋ?»

«ሥራዬ አይደል ጋሼ።»

በድሮው ቢሆን «ጎበዝ! የሥራ ሰው!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ ባደረገው ነበር። አሁን ግን ፊቱን አየው። መንጋጋው ተነክሷል፣ ዓይኑ ደርቋል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ፀሐዩ ያንን ፊት ያውቀዋል፤ በየጠዋቱ ሲላጭ መስታወት ውስጥ የሚያየው ፊት ነው።

«ጥሩምባውን አምጣ።»

«ለማን?»

«ለእኔ። አንተ እናትህ ጋ ግባና ቁጭ በል። አልቅስላት።»

«ኧረ ጋሼ ነውር ነው! ዳኛ ጥሩምባ ይዞ ሲዞር…»

«አምጣ አልኩህ!»

ነጠቀው። ነጠላ ጫማውን እንዳጠለቀ፣ ጋቢውን እንደደረበ መንገድ ወጣ። ጥሩምባ መንፋት ቀላል የሚመስለው ሁሉ ይሞክረው! የመጀመሪያው ድምፅ የታመመች ላም ነው የሚመስለው፤ የሰፈር ውሻ ሁሉ ተነሳበት። በሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። መታጠፊያው ጋ ቆሞ «የእድራችን አባል የአቶ ኦልጅራ ወላጅ እናት ስላረፉ፣ ቀብር ስድስት ሰዓት ነው፣ እንድትገኙ!» አለ። ቀጠለ። በቀጣዩ መታጠፊያም እንደዚያው።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ነፋ፤ ጥሩምባውን ከአፉ አወረደና «የእድራችን አባል…» ብሎ ጀመረ። «የእድራችን አባል የአቶ ፀሐዩ ባለቤት…» ምን እያለ እንደሆነ ራሱን ሰማው። ሊያርመው ፈለገ፤ አፉ አልታዘዝ አለው። «ያለምወርቅ…» አለ። ከዚያ ያ ለቅሶ የሚያስቆመው ድምፅ፣ ሕፃን የሚፈራው ድምፅ፣ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ።

«ሚስቴ ሞተችብኝ! ኧረ ሰዎች! ኧረ ያገር ሰው! ሚስቴ ሞተችብኝ!»

በሮች ተከፈቱ። ሰው በየጋቢው፣ በየሽርጡ ወጣ። ዳኛው መንገዱ መሃል ተንበርክኮ፣ ጥሩምባውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ለወራት የታመቀውን ይጮኸዋል። ማንም አልቀረበውም፤ ፈሩት። ከላይ ከኮንዶሚኒየሙ ቤኪ የሚባል ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ፤ የዛሬ ልጅ ነገር። አብዱሰመድ ከሱብሂ ሶላት እየተመለሰ ነበር፤ ሰዉን እየገፋ መጣ፣ አየ፣ ገባው። አጠገቡ ጭቃው ላይ ተንበረከከና እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። ዞሮም ለተሰበሰበው ሰው ተናገረ፦

«ዛሬ ያረፉት የኦልጅራ እናት ናቸው፤ ቀብር ስድስት ሰዓት ነው። የዚህኛው የታኅሣሡ ነው። ዛሬ ነው የደረሰን።»

መጀመሪያ የቀረበችው ጀዋሂር ናት፣ ያቺ ያዋረዳት። ነጠላዋን አጣፍታ «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ያለምን!» እያለች አጠገቡ ወደቀች። ከዚያ ሌሎቹ መጡ።

ቪዲዮው እስከ ቀትር ግማሽ ቃሊቲን አዳረሰ። የሳቀበት ነበር፤ «አባቴን አስታወሰኝ» ብሎ የጻፈበትም ነበር። ፀሐዩ ይህን አያውቅም፤ ዓይኑ አብጦ፣ ድምፁ ጠፍቶ የኦልጅራ እናት ቀብር ላይ ቆሟል። አፈር ሲመለስ ኦልጅራ ጮኸ፣ መሬቱን ደበደበ። የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ ዳኛው ዞረ፤ «በቃ» እስኪል ነው የሚጠበቀው። ፀሐዩ ዝም አለ። ኦልጅራ አለቀሰ፣ አለቀሰ፣ ሲደክመው ራሱ ቀና ብሎ ውሃ ጠየቀ። ከኮሚቴው አንዱ «እንግዲያውስ ዳኛ የለንም ማለት ነው» ብሎ አጉረመረመ፤ ሌላው ደግሞ ከቀብር መልስ ፀሐዩን ጎን ወስዶ ስለ ሞተው ወንድሙ እስኪመሽ አወራው። ዳኝነቱን ይነጥቁት ይተዉለት ገና አልለየለትም፤ ለሐምሌው ስብሰባ ተቀጥሯል።

ማታ ቤቱ ገብቶ መብራቱን ሳያበራ ተቀመጠ። ተሳቢዎቹ ያልፋሉ፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ያለቀሰ ሰው ቤቱ የሚሞላ ይመስለዋል፤ አይሞላም፤ እንዲያውም ባዶነቱ ይብስ ተሰማው፤ ያለምወርቅ አሁን ገና መሞቷ ነው። ስልኩ ጠራ።

«አባዬ። አየሁት።»

«ምኑን?»

«ቪዲዮውን። ጥሩምባውን።» እያለቀሰች ነው። ፀሐዩ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ቤት ትመጫለሽ?» አለ በመጨረሻ። እየጠየቀ እንጂ እያዘዘ አልነበረም።

«ቤት አልመጣም፤ ገና ነኝ። እማዬ ጋ እንሂድ። እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቀኝ።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተገናኙ። ከስታለች። ጉንጩን ሳመችው፤ እንደ እንግዳ ነው የሳመችው። በመቃብሮቹ መሃል ሳይነጋገሩ ሄዱ፤ እሱ አንድ እርምጃ ከኋላዋ። ያለምወርቅ ጋ ሲደርሱ ሉላ አንድ አፍታ ቆመች። ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችው፣ ፈቃድ የምትጠይቅ ይመስል። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ በግንባሯ ተደፋች።

«እማዬ! እማዬ! ለማን ትተሽኝ!»

ፀሐዩ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። ስንት ሕዝብ ያዘዘ እጅ ነው፤ አሁን ኮፍያውን ከማሸት በቀር ሥራ አላገኘም። ጩኸቷን የሰማ የመቃብሩ ዘበኛ፣ ፀሐዩን በዳኝነቱ የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ዱላውን እየተመረኮዘ መጣ።

«ልጄ በቃ፣ አይዞሽ፣ ነፍሷን ታስጨንቂያታለሽ፣ በቃ!» አለና ክንዷን ሊይዝ ጎንበስ አለ። «ጋሽ ፀሐዩ፣ ኧረ አንድ ነገር ይበሏት እንጂ! እርስዎ እያሉ?»

ፀሐዩ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ከልጁ ክንድ ላይ ቀስ ብሎ አነሳው።

«ይተዋት አባቴ» አለ። «እናቷ እኮ ናት የሞተችው።»